ሳቢና ሽፒልራይን በጽሑፎቿ

የሩሲያዊቷ የአእምሮ ሐኪም የሳቢና ሽፒልራይን ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም የካርል ዩንግ ታካሚና ወዳጅ የነበረች መሆኗ ነው። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ሰነዶቿ ለአንባቢ የደረሱበት ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ሳቢና በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጄኔቫ ወደ ሩሲያ ስትመለስ የግል ማስታወሻዋንና ከዩንግና የሳይኮአናሊሲስ (በንግግር የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና) መሥራች ከሆነው ከፍሮይድ ጋር የተለዋወጠቻቸውን ደብዳቤዎች እዚያው ተወች፤ በ1942 ናዚዎች በሮስቶቭ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ገደሏት። ወረቀቶቹ በ1977 ሲገኙ ብዙ ሰው የምርምር ጽሑፎቿን ሳያይ የልቧን ምስጢር አነበበ። በእርግጥ ያ ግኝት ባይኖር ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነበር። ሰውን ያስታወሰን ነገር ግን የሰውየው ዋና ሥራ ነው ማለት አይደለም።

ሳቢና በ1885 በሩሲያዋ ከተማ በሮስቶቭ፣ ከአንድ ባለጸጋ አይሁዳዊ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደች። ልጅነቷ ምቾትም ግርፋትም ነበረበት፤ ታናሽ እህቷ በታይፎይድ ከሞተችባት በኋላ የአእምሮ ሕመሟ ጸና። በ1904፣ በ18 ዓመቷ፣ ዙሪክ ወደሚገኘው የቡርግሆልዝሊ የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። ወጣቱ ሐኪም ዩንግ የፍሮይድን የሕክምና ዘዴ የሞከረው በእሷ ላይ ነው። ስለ እሷ የሚነገረው ትረካ ሁሉ ትኩረቱ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ሆስፒታል ሳለች የዩንግን የቃላት ማዛመድ ሙከራዎች ማገዟ፣ ከመውጣቷም በፊት ለሕክምና ትምህርት መመዝገቧ ግን እንደ ዋዛ ይታለፋል። በ1911 የተመረቀችው የአንዲት ስኪዞፍሬንያ ያለባት ሴት ንግግር መርምራ ነው። ሌላው ሰው እንደ ቅዠት የሚሰማውን ቃል ትርጉም አለው ብላ አደመጠችው። ይህን ለማድረግ የታካሚን ወንበር ከውስጥ ማወቋ ሳይረዳት አልቀረም፤ ሕመሟን ከሙያዋ የሚያራርቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በዚያው ዓመት ቪየና ሄዳ የፍሮይድ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1912 ያሳተመችው ጽሑፍም ጥፋት ለመፈጠር ምክንያት ነው ይላል። ሁለት የዘር ሕዋሳት ሲዋሐዱ ሁለቱም የቀድሞ መልካቸውን ያጣሉ፤ የሰው ፍቅርም ራስን የማጣት ፍርሃት የሚያዝለው በዚህ ነው ስትል ተከራከረች። ፍሮይድ በ1920 ስለ ሞት ደመነፍስ ሲጽፍ ቀድማው እንደነበር በግርጌ ማስታወሻ ገልጿል፤ ሐሳቧ ሙሉ በሙሉ ግልጽ እንዳልሆነለትም አልደበቀም። ሐሳቦቹ አንድ አይደሉም የሚሉ ተቺዎች ትክክል ናቸው። ለፍሮይድ የሞት ደመነፍስ ሕይወትን የሚቃወም ኃይል ነው፤ ለእሷ ጥፋት ሕይወትን የሚያስቀጥለው ኃይል አካል ነው። ልዩነቱ ግን ማዕረጓን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ የሌላ ሰው መንገድ ጠራጊ ሳትሆን የራሷ ሐሳብ ያላት ሰው ነበረችና።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የሕፃናት ጥናቷ ነው። ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚያንቀሳቅሰው ከንፈር «ማማ» የሚለውን ድምፅ ይወልዳል፤ እናት ያንን ሰምታ ስትመጣ ድምፁ መጥሪያ ይሆናል አለች። ይህን በሄግ የሳይኮአናሊሲስ ጉባኤ ያቀረበችው በ1920 ነው። በኋላ በሕፃናት አስተሳሰብ ጥናት ስሙ የገነነው ዣን ፒያዤ እሷ ወደምትሠራበት ወደ ጄኔቫው የሩሶ ተቋም የመጣው በ1921 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የሳይኮአናሊሲስ ታካሚዋ ሆኗል። ስለ ሕፃናት ቋንቋ የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመው በ1923፣ ማለትም እሷ በሄግ ከተናገረች በኋላ ነው።