ስለ ብልት ኪንታሮትና ስለ ሕክምናው

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ወምበርማ በሚወርደውና ወደ ሰከላ በሚወጣው የገጠር አገር፣ አንዲት ባለትዳር ሴት ራሷን ወይም ሆዷን ሲያማት ለባሏም ለጎረቤቷም ሳትሸሽግ ትናገራለች፤ በሐፍረተ ሥጋዋ ላይ ያልለመደችው ነገር የወጣ እንደ ሆነ ግን ለእናቷ እንኳ ሳትገልጥ፣ ምናልባት ለነፍስ አባቷ በኑዛዜ ጊዜ ጥቂት ብቻ ጠቆም አድርጋ፣ ወራቱን በዝምታ ታሳልፋለች። ይህ ዝምታ ከጨዋነት የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም የብልት ኪንታሮት በሚባለው ደዌ ረገድ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

በፊንጢጣ ከሚወጣውና ሕዝቡ በዚሁ ስም ከሚጠራው የደም ሥር እብጠት ጋር ይህ ደዌ ዝምድና የለውም። መንሥኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል፣ ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ረቂቅ ተሐዋሲ ሲሆን፣ ከብልት ኪንታሮት መካከል 90 ከመቶ የሚሆነውን የሚያመጡት 6ኛና 11ኛ ተብለው የተቈጠሩት ናቸው። የሚተላለፈው በሩካቤ ጊዜ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ስለ ሆነ፣ ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ያልሸፈነውን ቆዳ አይጠብቅም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቈያል። ይህ መቈየቱ በትዳር ላይ ታላቅ ፍርድ የሚያዛባ ነገር ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ወርዶ የተመለሰ ባል በሚስቱ ላይ ኪንታሮት ቢያይ፣ ወይም ሚስቲቱ በእርሱ ላይ ብታይ፣ አንዱ ሌላውን በቅርብ ጊዜ ዝሙት ሊከስ ይነሣል፤ ዳሩ ግን ቫይረሱ ከጋብቻው በፊት ጀምሮ በአንዱ ሥጋ ተሰውሮ የኖረ ሊሆን ስለሚችል፣ ኪንታሮቱ ብቻውን ለማንም ምስክር ሊሆን አይገባም።

ምርመራው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ኪንታሮቱ በአውራ ዶሮ ራስ ላይ እንዳለው ቀይ ሥጋ ጫፉ የተሸነሸነ፣ ወይም ለስላሳና ትንንሽ ሆኖ፣ በከንፈረ ብልት፣ በብልት ውስጥ፣ በፊንጢጣ ዙሪያ ስለሚወጣ፣ የለመደ ዓይን ያለው ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ አብዛኛውን ጊዜ በማየት ብቻ ይለየዋል፤ የውስጡን ለማየትም ብልትን ቀስ አድርጎ የሚከፍት መሣሪያ ይገባል። ከደም የሚወሰድ የኪንታሮት ምርመራ የለም። ይሁን እንጂ ደም መስጠት ይገባል፤ ምክንያቱም ቂጥኝ በሁለተኛው ደረጃው ጠፍጣፋና እርጥብ የሆነ፣ ኪንታሮት የሚመስል እብጠት ያወጣል፤ ያንን ደግሞ የሚፈውሰው የፔኒሲሊን መርፌ ነው እንጂ የኪንታሮት መድኃኒት አይደለም። የኤች አይ ቪ ምርመራም አብሮ የሚደረገው፣ የሰውነት መከላከያ በደከመበት ሰው ኪንታሮቱ እየበዛና ለሕክምና እያስቸገረ ስለሚሄድ ነው። እብጠቱ የጠቈረ፣ የሚደማ ወይም ለሕክምና የማይመለስ ሲሆን፣ ከሥጋው ጥቂት ተቈርጦ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ ብዙ ሴቶች ከጤና ጣቢያ በፊት የሚደርሱት ከባለመድኃኒት ደጅ ነው፤ አንዱ የቁልቋልን ነጭ ፈሳሽ ይቀባል፣ ሌላው በፈረስ ጭራ ፀጉር አሥሮ እስኪረግፍ ይጠብቃል። ይህን አሳብ ከመሠረቱ ስንፍና ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሐኪሞች ራሳቸው ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ፖዶፊሊን፣ ካፕላን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1942 ለዚህ ደዌ እንደሚረዳ የጻፈለት፣ በሰሜን አሜሪካ ጫካ ከሚበቅል ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነውና። ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። ሐኪሙ ጤናማውን ቆዳ በቫዝሊን ሸፍኖ፣ መድኃኒቱን በኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲታጠብ ያዝዛል፤ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ግን ጽንሱን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይሰጥም። የቁልቋሉ ፈሳሽ ግን ልክም ወሰንም የለውም፤ ከኪንታሮቱ ይልቅ ቀጭኑን የብልት ቆዳ አቃጥሎ፣ ቁስሉ ለሌላ ሕመም በር ይከፍታል።

ከፖዶፊሊን ሌላ፣ በነፍሰ ጡር ላይም ሊውል የሚችል ትራይክሎሮአሴቲክ የሚባል አሲድ፣ በብርድ የሚያደርቅ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በኤሌክትሪክ ማቃጠልና በቀዶ ጥገና ማንሣት አሉ፤ በውስጥ ያለውንና የሰፋውን ለማከም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሆስፒታሎች ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ይልካሉ። አስቸጋሪው ነገር ሕክምናው በየሳምንቱ ለብዙ ጊዜ መመላለስን የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሕክምናውን ጀምሮ መጨረስ የባሰ ከብዷል። ከተነቀለም በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ መድኃኒቱ እብጠቱን ያነሣል እንጂ ቫይረሱን ከሥጋ ነቅሎ አያወጣምና። አንዳንዱም ምንም ሳይደረግበት በራሱ ይጠፋል።

በእርግዝና ጊዜ ኪንታሮቱ ሊፋፋ ይችላል፤ መውለጃውን ካልዘጋ ወይም ብዙ ደም የሚያስፈስስ ካልሆነ ግን ለእርሱ ተብሎ ሆድ አይቀደድም። አልፎ አልፎ ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ ስለሚተላለፍ፣ እርጉዟ ሴት ለአዋላጇ አስቀድማ ብትነግር መልካም ነው።

ሰው የሚፈራው ይህን የሚታየውን ነው፤ የሚገድለው ግን አይታይም። 6ኛውና 11ኛው ዓይነት ካንሰር እምብዛም አያመጡም፤ ከማኅፀን በር ካንሰር 70 ከመቶ የሚሆነውን የሚያመጡት 16ኛውና 18ኛው ናቸው፤ እነርሱም ለዓመታት ኪንታሮትም ሕመምም ሳያሳዩ ይሠራሉ። በአንድ መንገድ ስለሚተላለፉም ሁለቱን ወገን በአንድነት የያዘች ሴት ልትገኝ ትችላለች። ይህን የካንሰር ነገር ገልጾ ያሳየው ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ ጥናት የተገኘው ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት መርፌ፣ በኋላም በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ተሰጥቷል። መጀመሪያ የመጣው ጋርዳሲል የተባለው ክትባት 6ኛውን፣ 11ኛውን፣ 16ኛውንና 18ኛውን አራቱንም የሚከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ክትባቱን በጀመረችው በአውስትራሊያ፣ ወደ አባላዘር ክሊኒኮች ከመጡ ከ21 ዓመት በታች ሴቶች መካከል ኪንታሮት የተገኘባቸው 11.5 ከመቶ የነበሩት በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ከመቶ በታች ሆነዋል። ክትባቱ ግን አስቀድሞ የገባውን አይፈውስም፤ በለጋ ዕድሜ ትዳር በሚፈጸምበት አገር ልጅቱን ቀድሞ ማግኘት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ለኪንታሮት ብላ ጤና ጣቢያ የገባች፣ ዕድሜዋም ከ30 እስከ 49 የሆነ፣ ኤች አይ ቪ ካለባትም ከ25 ዓመት ጀምሮ ያለች ሴት፣ ለማሳየት የሄደችውን ብቻ አሳይታ አትመለስ፤ የማኅፀን በሯም በአሴቲክ አሲድ እንዲመረመርላት ትጠይቅ።