ሎሚ መብላትና ሎሚ መወርወር

በቻይና በጓንዡ ከተማ ለወገኖቹ ነጋዴዎች በማስተርጐም የሚተዳደር እንደ እኔ ያለ ሰው፣ የዋጋና የሚዛን፣ የጭነትና የቀረጥ ንግግር ልማዱ ስለ ሆነ ብዙ አያስጨንቀውም፤ ነገር ግን ውሉ ተፈርሞ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ ሻዩ ተቀድቶ ጨዋታው ወደ ወጣቶቹ የፍቅር ነገር ባዘነበለ ጊዜ፣ የከተማው የካንቶን ልሳን ምሥጢሩን በወንዝ፣ በድስትና በፍሬ መሰወር ይወዳልና፣ ጭንቄ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሎሚው ነው። ጎልማሳው የወደዳትን ልጅ ጠይቆ እንቢ ስትለው «ሲክ ኒንግሙንግ»፣ ሎሚ በላ ይሉታል፤ ኀፍረቱ ኮምጣጣ ነውና። የእኛ ሰው ግን በፍቅር ነገር ሎሚን የሚያውቀው በበዓለ ጥምቀት፣ ታቦቱ በእልልታ ታጅቦ ሲሄድ፣ ጎረምሳው ወደ ልቡ ምርጫ በሚወረውረው ፍሬ ስለ ሆነ፣ ቃሉን እንዳለ ባቀብለው ልጁ ቀንቶታል ብሎ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ይችላል። ስለዚህ እያዘንሁ ፍሬውን እተውና «እንቢ ተባለ» እላለሁ።

ወንዙን ግን አልተውም። ሁለት ወጣቶች በፍቅር አብረው ሲውሉ «ፓክ ቶ» መባሉ፣ የሀገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ሞተር የሌለው የመንገደኛ ጀልባ በዕንቍ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ እየተጐተተ በሚሄድበት ዘመን፣ ሁለቱ ጐን ለጐን ተጠግተው ሲጓዙ ከመታየታቸው የተነሣ ነው፤ እጅ ለእጅ መያያዝም በዚያው በመጐተት ቃል ይነገራል፣ መለያየትም «ላት ቶ»፣ ጕተታው ተፈታ ማለት ነው። ከሁለቱ ሞተር ያለው አንዱ ብቻ መሆኑን ሳይሸሽግ ፍቅርን የሚያከብር እንዲህ ያለ ዘይቤ በሌላ ልሳን አላጋጠመኝም። በፈረንጆች 2010 ዓ.ም. የእስያ ጨዋታዎች ሲቃረቡ የከተማው ቴሌቪዥን ከካንቶን ልሳን ወደ ማንዳሪን ይዙር የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ሕዝቡ በአደባባይ ወጥቶ የተቃወመው እንዲህ ያለውን ሀብት ለማዳን ስለ ነበረ፣ ልቤ ከእነርሱ ጋር ነው።

ሌሎቹ ይቀልላሉ። በስልክ ረዥም ወሬ ማውራትን «የስልክ አጥሚት ማፍላት» ይሉታል፣ የሩዝ አጥሚታቸው በዝግታ ብዙ ሰዓት ይበስላልና፤ በሁለት ተፋቃሪዎች መካከል የተገተረውም ሦስተኛ ሰው «አምፖል» ነው።

አንዱን ቃል ብቻ አልወደውም፤ አንዳንድ ወንዶች ልጅቱን ዓሣና ገመድ በሚቈጠርበት መቍጠሪያ «ቲው ኖይ» ብለው ይጠሯታል። ሰሚው እኩያው ከሆነ ክብደቱን ሳልቀንስ «ቺኬ» ይላል ብዬ አስተላልፋለሁ፤ እናቶች በማዕዱ ካሉ ግን «ጓደኛው» እላለሁ፣ ቃሉን ማለዘቤንም ለተናጋሪው ኋላ ለብቻው እነግረዋለሁ።