ውሃ የሚተኛበት ጥግ

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ አትክልት ስሠራ፣ ክረምት ሲገባ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለ አበባ ሳይሆን «ያቺ ጥግ ምን ትሁን?» ተብዬ ነው። ያቺ ጥግ ማለት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የሚተኛባት፣ ሣሩ የሚበሰብስባት፣ መስከረም ጠብቶም ጫማ ይዛ የምታስቀር ናት። ብዙዎቹ ባለቤቶች መልሱን ይዘው ነው የሚጠሩኝ፤ ገረጋንቲ ተሞልቶ ታይልስ ይነጠፍ ይላሉ። ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ውሃው አፈር ስለተደፋበት አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት አጥር ወይም ወደ ራሱ ቤት መሠረት ይዞራል። ባሕር ዛፍ ይምጠጠው የሚሉም አሉ፤ ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅል፣ ቁመቱም ለጠባብ ግቢ አይሆን።

እኔ የማቀርበው አኻያን ነው። መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ያነበበ ስሙን ያውቀዋል፤ በኦሮምኛ አለልቱ ይባላል። የራሳችን የወንዝ ዳር ተክል ነው፤ ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ፣ ከሥር ነጣ ያለ። ከተዉት ዛፍ ይሆናል፣ ከከረከሙት ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል።

ሌላው ተክል ረግረግ ላይ የሚሞተው ውሃ ስለበዛበት ብቻ ሳይሆን ሥሩ አየር ስለሚያጣ ነው። አኻያ መላ አለው፤ በውስጡ ባሉት ክፍተቶች አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል፣ ግንዱም ውሃ የደረሰበት ቦታ ላይ አዲስ ሥር ያወጣል። ይህን በዓይን ማየት ቀላል ነው። አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ ባልዲ ውሃ ውስጥ ያቁሙና ይጠብቁ። ከቀናት በኋላ ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ይሰነጠቅና የነጭ ጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ እነሱ ሥሮች ናቸው። ሥር ለማውጣት መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

ከመትከሌ በፊት ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ውሃ ካቆረ ቦታው የአኻያ ነው። ክፉ ሽታ ካለው ግን የመጸዳጃ ጉድጓድ እያሰረገ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ሳይጠገን ምንም አልተክልም። አኻያ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካገኘ ገብቶ ይደፍነዋል። ስለዚህ ከቧንቧ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከቤት መሠረት ከ10 ሜትር በታች አላስጠጋውም። ባለቤቱ ቢለምነኝም በዚህ አልደራደርም።

የችግኝ መሸጫዎች ላይ ብዙም ስለማላገኘው ሰኔ ላይ ከወንዝ ዳር ዛፎች እቆርጣለሁ፤ አውራ ጣት የሚወፍር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል። ወንዱና ሴቱ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆኑ በአበባው ወቅት ምልክት አድርጌ እመለሳለሁ። ሴቷ ጥጥ መሳይ ዘር ስለምትበትን ለቤት ግቢ ወንዱን እመርጣለሁ። ለወንዝ ዳርቻ ከሆነ ሁለቱንም፣ ያውም ከተለያዩ ዛፎች እወስዳለሁ።

ጥጋቸውን በገረጋንቲ ሊያስሞሉ የጠሩኝ አንዲት ገጠር ያደጉ እናት ቅርንጫፎቹን ተሸክሜ ስገባ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ መፋቂያችን ነው!» ብለው አንዱን ነጠቁኝ። ልጠው አኘኩት፤ መራራነቱን ፊታቸው ላይ አየሁት፣ ግን አልተፉትም። የአኻያ ዘመዶች ቅርፊት ሳሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን ቅርፊቱን ለትኩሳት ሞክረው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1763 ለሊቃውንት ማኅበር ጽፈዋል፤ ባየር ኩባንያ የሳሊሲን ዘመድ የሆነውን አስፕሪንን ገበያ ላይ ያወጣው በ1899 ነው። እኚህ እናት ግን ስለ ገረጋንቲው ዳግም አላነሡም፤ ጥያቄያቸው ስንት ይተከላል የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው በጋ ይፈትነዋል፤ ክረምት ረግረግ የሚሆነው ጥግ ጥር ላይ በተለይ ዋልካ ከሆነ ይሰነጠቃል። ያኔ በሳምንት ሁለቴ እስኪጠግብ ይጠጣ፣ ሥሩም በገለባ ይሸፈን። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ጉልበት ላይ ይቆረጣል፤ ክረምቱን አዳዲስ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ያወጣል። ቅጠሉን ፍየልና በግ ይወዱታል። ግቢው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ከሆነ ግን አኻያን አይጠይቁኝ፤ ወይራ አመጣለሁ።