ገንዘብ እንመልስልዎ ስለሚሉ አታላዮች

አታላይ ገንዘብ ስጠኝ ብሎ ሲመጣ የሚያምነው ጥቂት ነው፤ ገንዘብህን ልመልስልህ ብሎ ሲመጣ ግን ጠንቃቃው ሰው እንኳ በሩን ይከፍትለታል። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ብዙ ሽማግሌዎችን ባዶ እጃቸውን ያስቀረው ተንኰል የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሚዠምረው በኢሜይል በሚደርስ ደረሰኝ ነው። ኮምፒዩተርዎን የሚጠብቀው አገልግሎት ለዓመቱ ታድሷል፤ ከሒሳብዎም 400 ዶላር ይነሣል፤ ካልፈለጉት በዚህ ስልክ ይደውሉ፥ ይላል። የኖርተን ወይም የጊክ ስኳድ ስም ይታተምበታል፤ ኩባንያዎቹ ግን ነገሩን አያውቁትም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንደ ገለጸው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ስማቸው ለማታለያ ከዋለ ኩባንያዎች መካከል ብዙ አቤቱታ የቀረበው በቤስት ባይና በጊክ ስኳድ ስም ስለ ተሠራው ሲሆን፥ ቍጥሩ ወደ 52,000 ይደርሳል።

ያልገዛውን ነገር ክፈል የተባለ ሰው ደንግጦ ይደውላል። ወጥመዱም ይህ ነው፤ ራሱ የደወለ ሰው ጥርጣሬው ይቀንሳልና። በስልክ የሚመልስለት ሰው ትሑትና ታጋሽ ነው። ገንዘቡን ለመመለስ ነው ብሎ ኮምፒዩተሩን ከሩቅ የሚያስመራ ፕሮግራም ያስጭነዋል፤ የባንክ ሒሳቡንም ያስከፍተዋል። ከዚያም ገጹን አጨልሞ ከባለቤቱ ከራሱ የቁጠባ ሒሳብ 4,000 ዶላር ወደ ሌላው ሒሳቡ ያዛውራል፤ ወይም በገጹ የሚታየውን አኃዝ ብቻ ይለውጣል። ወዲያው፥ 400 ልጽፍ ስል 4,000 ጻፍኹ፤ አለቆቼ ቢያውቁ ከሥራ እባረራለሁ፤ ትርፉን ይመልሱልኝ፥ እያለ ያለቅሳል።

እዚህ ላይ የሚያዘው ስስታም ሰው አይደለም፤ የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳይቀር የሚፈራ፥ ለሚያለቅስም የሚራራ ሰው ነው እንጂ። ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝቶ የጀርባውን ቍጥር ያነብለታል፤ ወይም ጥሬ ገንዘብ ጠቅልሎ ይልካል። የላከው ግን የራሱን ጥሪት ነው።

ሕጉም ሁልጊዜ አይደርስለትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያለባለቤቱ ፈቃድ የተወሰደውን የሚመለከት ነው፤ ተታሎ በገዛ እጁ የላከውን ባንኩ ለመተካት ብዙ ጊዜ አይገደድም። እንግሊዝ የተሻለ ፍርድ አድርጋለች፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ወዲህ በአገር ውስጥ ከባንክ ወደ ባንክ ተታሎ ለተላከ ገንዘብ እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲከፈል ታዟል። የስጦታ ካርድ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

በኛም አገር ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተዠመረ ወዲህ የዚህ ተንኰል ታናሽ ወንድም ይታያል፤ ሐሰተኛ መልእክት ልኮ፥ በስሕተት ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ፥ የሚለው ነው። መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሒሳቡን በራሱ መንገድ የመረመረ ሰው እውነቱን ወዲያው ያገኘዋል። ለደረሰኙም ቢሆን በደረሰኙ ላይ ወዳለው ስልክ አለመደወልና ሒሳቡን በቀጥታ ማየት ይበቃል። ገንዘብ ለመመለስ የሰውን ኮምፒዩተር መምራት አያስፈልግም፤ ዕዳውንም በስጦታ ካርድ የሚቀበል እውነተኛ ነጋዴ የለም።

የተታለለ ሰው ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ለይቶ፥ በባንክ ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ለባንኩ ይንገር፤ የይለፍ ቃሉን በሌላ መሣሪያ ይለውጥ፤ የስጦታ ካርዱን ደረሰኝ ይዞ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ፈጥኖ ያመልክት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም፥ የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ አስቀድመው ጥቂት ይክፈሉ፥ የሚል ሌላ ሰው ሊደውልለት ይችላል፤ እርሱም ስሙን ከፊተኞቹ የገዛ ነው፤ ወይም ከነርሱው አንዱ ነው።