ያገለገለ ፕራዶ ከመግዛት በፊት

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ ፕራዶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገዢው ቀለሙንና ወንበሩን ሲያደንቅ ዋናው ነገር ከሥር ይቀራል።

የፕራዶ ቦዲ የተቀመጠው ራሱን በቻለ የብረት ሻንሲ ላይ ነው። የተገለበጠ መኪና ላዩ አምሮ ሻንሲው ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ መኪናው ከፍ ተደርጎ የብየዳ ጠባሳና ትኩስ ጥቁር ቀለም ይፈለጋል። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመ ድርድሩ እዚያው ይቁም።

ሞተሩ ይበልጥ ጊዜ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 በተመረተው ፕራዶ 120 ላይ የተገጠመው ባለ 3 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ የናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው፤ የታወቀ ድክመቱ የኢንጀክተሮቹ የመዳብ ማሸጊያ ነው። ማሸጊያው ሲያፈስ የቃጠሎ ጋዝ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይገናኛል፣ ጥላሸት ይጠራቀማል፣ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይሰበራል። ጥገናው ከባድ ወጪ ስለሆነ መካኒኩ ወንፊቱን ፈትቶ እንዲያይ መጠየቅ ነውር የለውም። ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቅ ሊነገረው ይገባል፤ ማለዳ በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚሰማ ማንኳኳትና የማይጠፋ ነጭ ጭስ የኢንጀክተር ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል።

የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ከሌለ፣ የአዲስ ቺንጊያ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ይቀነስ።

ባለአራት ጎማው ማርሽ በቃል አይታመንም። በጠጠር መንገድ «ሎው» ገብቶ፣ የመሀል ዲፍረንሻሉ ተቆልፎና ተከፍቶ ይሞከራል።