የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት የሚባለው፣ ተማሪው ሊጠብቃቸው የሚገቡ የጠባይ ደንቦችና ደንቡ ሲጣስ የሚወሰደው እርምጃ ነው። የደንብ ልብስ መልበስ፣ ሰዓት ማክበር፣ አለመኮረጅና መምህርን ማክበር ዋናዎቹ ናቸው። ያጠፋ ተማሪ መጀመሪያ ይመከራል፤ ካልታረመ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፤ የመጨረሻው እርምጃ ከትምህርት ቤት ማሰናበት ነው።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ካቶሊክ ስላልሆኑ ደንቡ በጠባይ ላይ ያተኩራል፤ እምነት አያስለውጥም። ይህ ጥንቃቄ ከታሪክ የመጣ ይመስላል። በጣና ዳር ጎርጎራ ሰፍረው የነበሩት ኢየሱሳውያን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያን የመንግሥት የነበረውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ ሲጠሩ፣ የካህን ልብሳቸውን ትተው በተራ ልብስ እንዲያስተምሩና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተደርጓል።

ስለ ቅጣት የኢየሱሳውያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1599 ያወጣው የትምህርት ደንብ መምህራኑ ራሳቸው እንዳይገርፉ ከልክሎ፣ ግርፋቱን ከማኅበሩ ውጭ ለሆነ ቀጪ ሰጥቷል። ልጁ ግን ከመገረፍ አልዳነም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የሚታወቁት የላሳል ወንድሞች ደግሞ፣ በመሥራቻቸው መመሪያ መሠረት መምህሩ ከመጮህ ይልቅ ክፍሉን በምልክት እንዲያዝ ይመርጡ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ድንጋጌው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችንም ስለሚገዛ፣ ኩርኩምም ሆነ አለንጋ በትምህርት ቤት ደንብ ሊፈቀድ አይችልም።