የጭላዳን ሳር የሚያፈጩት እነማን ናቸው?

ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገኖች ሁሉ እንደ ከብት ሳር ግጦ የሚያድረውም እሱ ብቻ ነው። ችግሩ፣ የሳርን ሴሉሎስ የሚሰባብር ኢንዛይም ሰውነቱ አይሠራም፤ እንደ ላም የሚያመሰኳ ጨጓራም የለውም። ይህን ሥራ የሚሠሩለት አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከስሜን ተራሮች ጭላዳዎች የተሰበሰቡ 758 የዓይነ ምድር ናሙናዎችን መርምሯል። ዝናብ ሲዘንብና ሳሩ ሲለመልም ሴሉሎስ ሰባሪዎቹ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ በደረቁ ወቅት ጭላዳው ሥር እየቆፈረ ሲበላ ስታርች የሚያፈጩት ይበረክታሉ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አዲሱ መኮንን የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ከምግቡ በተጨማሪ የጭላዳዎቹ ማኅበራዊ አኗኗርም የባክቴሪያዎቹን ስብጥር እንደሚወስን አሳይቷል።

ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ ለሳይንስ አዲስ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ጭላዳውን መያዝ አያስፈልግም፤ ትኩስ ዓይነ ምድሩ ይበቃል። ከናሙናው ዲኤንኤ ይወጣና ባክቴሪያዎች ሁሉ ያላቸው፣ 1,500 ያህል ፊደላት የሚረዝም አንድ ዘረ መል ይነበባል። ንባቡ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር ያለው ተመሳሳይነት ከ98.7 በመቶ ካነሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነገር ግን ወርቅ ሠሪ በብልጭታ ብቻ ዋጋ እንደማይቆርጥ፣ ሳይንቲስቱም በዚህ አይወስንም። ባክቴሪያውን ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ያሳድገዋል፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያመነጭ ይፈትናል፤ ሙሉ ጂኖሙን ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ያስተያያል። እዚህ ላይ መመሳሰሉ ከ95 በመቶ ግድም በታች ከሆነ የተለየ ዝርያ ነው። በመጨረሻም ሕያው ናሙናው በሁለት አገሮች በሚገኙ ሁለት የባክቴሪያ ማከማቻዎች ይቀመጣል፤ ስሙም በሳይንስ መጽሔት ይታተማል።

አስቸጋሪው ማሳደጉ ነው፤ ብዙዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ትንሽ አየር ሲነካቸው ይሞታሉ። ቢሆንም ተችሏል። ቢፊዶባክቴሪየም ሙካላበንሴ የተባለው ዝርያ የተገኘው ከጎሪላ ዓይነ ምድር ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ጋቦን ውስጥ ካለው የሙካላባ ዱዱ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ለእኛም መንገዱ ሩቅ አይደለም። አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ፣ የእንስሳት ሳይንስም የማይክሮባዮሎጂም ትምህርት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ረቂቅ ተሕዋስያንን ይጠብቃል። የባዮሎጂ ተማሪ የሆናችሁ፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትመርጡ ይህን አስቡት፤ በጭላዳ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለማሳደግና ለመሰየም ከእናንተ የቀረበ የለም።